ቁስል ብቻውን ምስክር ይሆናልን?
ስለ ዱምዱም ጥይት ክስ የቀረበ ሒስ

የ1928 ዓ.ም.ን የኢጣልያ ወረራ ታሪክ ያነበበ ሰው ሁሉ አንድ ክስ ሳያጋጥመው አይቀርም። የኢጣልያ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች «ዱምዱም» በተባለው የተከለከለ ጥይት ይዋጋሉ ብሎ ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ አቀረበ፤ የቍስለኞችንና የሬሳዎችንም ፎቶግራፍ በማስረጃነት አያያዘ። የእኛም ጸሐፊዎች «ከሳሹ ሐሰተኛ ስለ ሆነ ክሱም ሐሰት ነው» ብለው ያልፉታል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የዘለሉት አንድ ጥያቄ አለ። ቁስልን በማየት ብቻ ያቈሰለውን ጥይት ዐይነት ማወቅ ይቻላልን? ይህች አጭር ጽሑፍ የምትመረምረው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ዱምዱም በሕንድ አገር በካልካታ አጠገብ የሚገኝ፣ እንግሊዞች የጥይት ፋብሪካ ያቆሙበት ስፍራ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዚያ የተሠራው ጥይት፣ የአረሩ ጫፍ ከመዳብ ልባሱ ወጥቶ እርሳሱ የተገለጠ ነበር። እንዲህ ያለው አረር ሥጋ ሲነካ ተደፍጥጦ ይሰፋል፤ ቁስሉም ይከፋል። ስለዚህ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1899 በላሄ የተሰበሰቡት መንግሥታት፣ በሰው አካል ውስጥ በቀላሉ የሚሰፋና የሚደፈጠጥ ጥይት ለጦርነት እንዳይውል በመግለጫ ከለከሉ። ለአደን ግን አልተከለከለም።

የአዳኝ ምርጫም ነገሩን በደንብ ያስረዳል። በቤኒሻንጉል፣ በዳቡስ ሸለቆ፣ ዝሆንም ድኩላም የሚገኝበት ዘመን ነበረ። ለዝሆን የሚፈለገው አረር ሳይደፈጠጥ ወፍራሙን ቆዳና አጥንት ሰንጥቆ ጠልቆ የሚገባ ነው። ለድኩላ የሚፈለገው ግን ቶሎ ሰፍቶ እንስሳውን ሳያሠቃይ የሚጥል ነው። የሰፋ አረር ብዙ ርቆ አይገባም፤ ርቆ የሚገባውም ብዙ አይሰፋም። እንግዲህ የአረር ጠባይ የሚለካው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው መስፋቱ፣ ሁለተኛው ጠልቆ መግባቱ ነው።

ይህን ለመለካት በዛሬው ዘመን የሚሠራበት መሣሪያ ጄላቲን ነው። ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚገኘው ጄላቲን 10 እጅ፣ ውሃው 90 እጅ ሆኖ ይበጅና በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። ከፈተናው በፊት 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነች የብረት ጥይት በሴኮንድ 180 ሜትር ያህል ፍጥነት ትተኰስበታለች፤ 8.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብትገባ ጄላቲኑ ለሥራ ደርሷል ይባላል። ጭቃ ወይም ሸክላ ይህን አገልግሎት ሊሰጥ አይችልም። አረር ሲያልፍ ሥጋ ለቅጽበት ተለጥጦ ይመለሳል፤ ጄላቲንም እንዲሁ ይመለሳል። ጭቃ ግን እንደ ተከፈተ ስለሚቀር ከእውነቱ የበለጠ ትልቅ ጕድጓድ ያሳያል። ጭቃ ያየ ዐይን ይሳሳታል ማለት ነው።

ጄላቲን የገለጠው ዋና ነገር አረር እንደ ፍጥነቱ ጠባዩን የሚለዋውጥ መሆኑን ነው። ቀለህ ሰብስበው ባሩድና አረር በእጃቸው የሚሞሉ የሽጉጥ ተኳሾች ይህን ዘወትር ያዩታል። ጫፉ የተቦረቦረ አንድ ዐይነት አረር፣ ባሩዱ ሲያንስ ሳይሰፋ እንደ ተራ ጥይት ያልፋል፤ ሲበዛ ደግሞ ቶሎ ሰፍቶ ወይም ተሰባብሮ አጠገብ ይቀራል። ልብስ ወደ ጕድጓዱ ቢገባና ቢደፍነውም ሳይሰፋ ሊቀር ይችላል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በሚያዝያ ወር 1986 በማያሚ ከተማ በተደረገው ተኵስ ሁለት የኤፍ ቢ አይ ሰዎች ተገደሉ፤ ከእነርሱ ወገን የተተኰሰ አንድ የሽጉጥ አረር በአንደኛው ወንጀለኛ ክንድ አልፎ ደረቱ ከገባ በኋላ ልቡ ሳይደርስ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ያ መሥሪያ ቤት የሽጉጥ አረር በጄላቲን ውስጥ ቢያንስ 30፣ ቢበዛ 46 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲገባ ወሰነ። መስፋት ብቻውን እንደማይበቃ የታወቀው በሰው ሕይወት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ሆኖ ያገለገለበት ጊዜ ነበረ፤ የተተኰሰ ቀለህም ተለቅሞ እንደ ገና ይሞላ ነበር። ለዚህ የአሶሳ አገር ጥሩ ምሳሌ ነው። ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን የቤኒሻንጉልን ወርቅ ለዐፄ ምኒልክ ይገብሩ ነበር፤ በአዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባለውም ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። ወርቅ ባለበት ጠረፍ ጠብመንጃ አይጠፋም፤ ከአንድ ፋብሪካም አይመጣም። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. የቤልጅግ ኮንጎ ጦር አሶሳን ከኢጣልያኖች ሲይዝ፣ በዚያ መሬት ላይ የወደቀው ጥይት የብዙ መንግሥታት ነበር።

እንግዲህ በ1928 ዓ.ም. ከየአገሩ የዘመተው ሠራዊት የያዘው ጥይት እንዴት ያለ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ከዓድዋ ዘመን የቀረው ውጅግራ አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ልባስ የሌለው እርሳስ ነው፤ አጥንት ቢመታ መደፍጠጡ የተፈጥሮው ነው። ባሩዱ ያረጀ፣ በእጅ የተሞላ፣ ለአደን የተሠራም ጥይት በመካከሉ ሊገኝ ይችላል። ከአንድ ጠብመንጃ የወጡ ሁለት ጥይቶች እንኳ የተለያየ ቁስል ያቈስላሉ። ታዲያ አንድ ፎቶግራፍ ስለ የትኛው ይመሰክራል?

ከዚህም የሚብስ አለ። አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ማርቲን ፋክለር እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ በጄላቲን ባደረገው ፈተና፣ ልባሱ ሙሉ የሆነና በሕግ ያልተከለከለ የጠብመንጃ አረር በሥጋ ውስጥ ተገልብጦ ሰፊ ቁስል ሊከፍት እንደሚችል አሳየ። መጠናቸው አንድ ከሆነው የ7.62 ሚሊ ሜትር ጥይቶች መካከል የምዕራብ ጀርመኑ ሲሰባበር የአሜሪካው ሳይሰባበር ይገለበጥ ነበር፤ ሁለቱም ሕጋውያን ነበሩ። ስለዚህ «ቁስሉ ሰፊ ነውና ጥይቱ ዱምዱም ነው» የሚለው አነጋገር ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ክሱን ሊያስረዳ የሚችለው ከቁስሉ የወጣው አረር ራሱ፣ ከማን እጅ እንደ ተገኘም ከሚያስረዳ መዝገብ ጋራ ነው።

ይህ ሒስ ግን ወደ እኛም ይመለሳል። ራሱን ኮሎኔል ሎፔዝ ያሰኘ አጭበርባሪ በሎንዶን የነበሩትን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሐኪም ወርቅነህን አታልሎ ያስፈረመው ወረቀት ለኢጣልያ ክስ መሣሪያ ሆኖ እንደ ነበረ፣ ማታለሉም በኋላ እንደ ተገለጠ እናውቃለን። ይሁን እንጂ አንድ ሰነድ ሐሰት መሆኑ አንድም የአደን ጥይት አልተተኰሰም አያሰኝም። «የእኛ ሰው ከቶ አላደረገውም» የሚል መልስ እንደ ክሱ ሁሉ ያለ ምርመራ የተሰጠ ፍርድ ነው።

ነገሩ የጥይት ተኳሾች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምሁበት። ኢጣልያ ግን በመርዝ ጋዝ ስትከሰስ፣ ጠላት ለሠራው ግፍ ብድር የመመለስ መብት አለኝ ብላ ተከራከረች፤ ዱምዱምም ከምክንያቶቿ አንዱ ሆነ። ሙሶሊኒ ግን ጦርነቱ በተጀመረ በ24ኛው ቀን፣ ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ለግራዚያኒ በላከው ቴሌግራም ጋዝ የፈቀደው የጠላትን መከላከል ለመስበርና መልሶ ማጥቃት ቢመጣም ለመመከት ነው፤ የብድር ነገር በዚያ የለም። የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስቴር የጋዙን ነገር ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ያልተመረመረ ቁስል ለስንት ሺህ ሰው መቃጠል ሰበብ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል። ደግሞም ክሱ በሙሉ እውነት ቢሆን እንኳ ለጋዙ ምክንያት አይሆንም።

በመጨረሻ፣ ጄላቲንም ቢሆን ሰው እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም፤ አጥንት የለውም፣ ቆዳም የለውም። እንደ አሶሳ ባለ ሞቃት አገር ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ጥቂት ቢቆይ ይለሰልስና አረሩን ከሚገባው በላይ ያሳልፋል። አንድ ጊዜ ተኵሶ መፍረድም አይገባም። ጄላቲን የሚያስተምረን ትሕትና ነው፤ ፍጥነቱን፣ ርቀቱን፣ የአረሩን ሥሪት ሳናውቅ «ይህ ከዚህ መጣ» እንዳንል ያስጠነቅቃል። ስለ ጦርነቱ የምንጽፍ ተማሪዎች የሽማግሌዎችን ቃል ስንሰበስብ፣ «ዱምዱም መታኝ» የሚለውን ቃል በክብር እንመዝግበው፤ ከአጠገቡም አረሩ ወጥቶ እንደ ሆነ፣ ማን እንዳየው፣ አሁን የት እንዳለ እንጠይቅ። ከዚህ የተሻለ አስተያየት ያለው ጓደኛ ወይም መምህር ቢያርመኝ በደስታ እቀበላለሁ።