ከሃምሳ ሁለቱ ቀን ባሻገር፦ መጽሐፈ ነህምያን እንደ ፕሮጀክት መመሪያ በማንበብ ላይ የቀረበ ሒስ

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በሚሰጡ የመሪነት ሥልጠናዎች መጽሐፈ ነህምያን ያህል የሚጠቀስ መጽሐፍ ጥቂት ነው። የትምህርቱም ቅደም ተከተል በየቦታው ይመሳሰላል፤ ነህምያ ጸለየ፣ ንጉሡን ለመነ፣ ፍርስራሹን በሌሊት ቃኘ፣ ሥራውን አከፋፈለ፣ ተቃዋሚዎችን ተቋቋመ፣ በ52 ቀንም ጨረሰ (6፥15)። የግንባታና የኢንዱስትሪ ድርጅት የሚመሩ ምእመናን ይህን ትምህርት ይወዱታል። ሲሚንቶና ብረት የሚነኩ እጆች ከእግዚአብሔር ሥራ ውጭ እንዳልሆኑ ይነግራቸዋልና። ይህ እውነት ነው፤ ይህ ጽሑፍም አይክደውም። ሒሱ የሚያተኩረው በንባቡ ውስጥ በተዘለለው ላይ ነው።

ምንባቡ ምን ይላል?

ነህምያ ምዕራፍ 3 በዛሬው አነጋገር የሥራ ሪፖርት ነው። ማን የትኛውን በር፣ ማን የትኛውን ቅጥር እንደ ሠራ በስም ይዘረዝራል። ወርቅ አንጥረኛው፣ ሽቶ ቀማሚው፣ ከሴት ልጆቹ ጋር የሠራው ሰሎም ሁሉም ተጽፈዋል። የቴቁሐ ታላላቅ ሰዎች ለሥራው አንገታቸውን እንዳላዋረዱም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ሰፍሯል (3፥5)። ምዕራፍ 4 ደግሞ ፍርስራሹ እንደ በዛና የተሸካሚዎቹ ጉልበት እንደ ደከመ ሳይሸሽግ ይናገራል።

ከሁሉ በላይ የሚዘለለው ምዕራፍ 5 ነው። ቅጥሩ ገና ሳያልቅ ሕዝቡና ሚስቶቻቸው በገዛ ወንድሞቻቸው ላይ ጮኹ። እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘዋል፤ ልጆቻቸው ለባርነት ተሰጥተዋል። ነህምያ ይህን «ሥራው ካለቀ በኋላ እናየዋለን» ብሎ አላሳደረውም። ታላቅ ጉባኤ ጠርቶ ሹማምንቱን ገሠጸ። እርሱና ወንድሞቹ ራሳቸው ገንዘብና እህል ማበደራቸውንም በአደባባይ ተናገረ (5፥10)። ቀጥሎም በ12 ዓመት የገዥነት ዘመኑ የሹመቱን ቀለብ እንዳልበላ ይገልጻል (5፥14)። ስለዚህ ምዕራፍ 5ን ከመሪነት ትምህርቱ ማውጣት ከመጽሐፉ መካከል አምዱን እንደ መንቀል ነው። ከምዕራፍ 5 ውጭ የቀረው ነህምያ ጸሎተኛና ፈጣን ተቋራጭ ብቻ ይሆናል።

ሌሎች ሁለት ሪፖርቶች

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ግንባታ ሪፖርት አቀራረብ የሚያስተምረው በነህምያ ብቻ አይደለም። ዘጸአት 38 የማደሪያውን ድንኳን የብረታ ብረት ሒሳብ ያቀርባል፤ ወርቁ 29 መክሊት ከ730 ሰቅል፣ ብሩ 100 መክሊት ከ1775 ሰቅል ነው። የ1775ቱ ሰቅል ብር ለምሰሶዎቹ ኩላቦች እንደ ዋለ ሳይቀር ተጽፏል (38፥28)። ክብሩ በደመና በሞላበት ማደሪያ ውስጥ የኩላቡ ሒሳብ አልተናቀም።

በ2ኛ ነገሥት 12 የምናገኘው ደግሞ የዘገየ ፕሮጀክት ነው። በኢዮአስ 23ኛ የንግሥና ዓመት ካህናቱ የቤቱን ፍራሽ ገና አልጠገኑም ነበር። ንጉሡ ጠርቶ ለምን እንዳልጠገኑ ጠየቃቸው፤ ገንዘቡም ከእጃቸው ወጥቶ ወደ ሣጥን ገባ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው ቆጠሩት። ለሠራተኞቹ የሚከፍሉት ሰዎች ታማኞች ስለ ነበሩ ሒሳብ አልተጠየቁም (12፥15)። በዚህ ታሪክ የዘገዩት አገልጋዮቹ፣ የታመኑት ግንበኞቹ መሆናቸውን እኛ አገልጋዮች ልናስተውለው ይገባል።

ጋፋት፦ የእምነት ሰዎችና መድፉ

በአገራችን የእምነት ሰዎች የኢንዱስትሪ ሥራ የመሩበት ቀደምት ምሳሌ በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘው ጋፋት ነው። ቀደም ሲል በጎንደር ያገለገለው ሳሙኤል ጎባት የኢየሩሳሌም ጳጳስ ከሆነ በኋላ፣ በባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና የሠለጠኑ ባለ እጅ ሚስዮናውያን ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ አገር መጡ። ዐሳቡ ያማረ ነበር፤ በእጅ ሙያቸው እያገለገሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያከፋፍላሉ፣ በኑሯቸውም ይመሰክራሉ። ዛሬ «ሥራ እንደ አገልግሎት» የምንለው ትምህርት ይኸው ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ግን መድፍ እንዲሠሩላቸው ፈለጉ። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ጓደኞቹ ሙያው እንደሌላቸው ቢናገሩም ከግፊቱ አላመለጡም። በ1866 እ.ኤ.አ. ጎንደርና አብያተ ክርስቲያናቷ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። በቀጣዩ ዓመት በጋፋት 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። መድፉን በተራራና በገደል እስከ መቅደላ የጎተተው የብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት ነው። በዚያ ጊዜ ባለ እጆቹ ራሳቸው ነጻ አልነበሩም፤ የተፈቱት በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ልትወድቅ ስትል ነው።

እነዚህን ሰዎች በግዞት ውስጥ ስላደረጉት መኰነን ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ትምህርቱ ሌላ ነው። ሥራን በትጋትና በጸሎት መሥራት ብቻውን ሥራውን ቅዱስ አያደርገውም። ሥራው ለምን እንደሚውል፣ ሸክሙን ማን እንደሚሸከምና ዋጋውን ማን እንደሚከፍል መጠየቅ ይቀራል። ቈላስይስ 3፥23 ለጌታ እንደምናደርግ በትጋት እንድንሠራ ሲያዝ፣ ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብሎ ጌቶች ለባሪያዎቻቸው ቅንና እኩል የሆነውን እንዲሰጡ ያዛል (4፥1)። ሁለቱን ትእዛዛት ለያይተን መስበክ አንችልም።

በምዕራቡ ዓለም ስለ እምነት መር ኢንዱስትሪ ሲነገር የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ሮበርት ሌተርኖ ነው። አፈር የሚዝቁና የሚያጓጉዙ ከባድ ማሽኖችን የፈለሰፈው ይህ ሰው ከገቢው 90 ከመቶውን ለወንጌል ሥራ እንደ ሰጠ በስብከቶች ይነገራል። በ1931 እ.ኤ.አ. ወደ ሁቨር ግድብ የሚወስደውን መንገድ ሲሠራ እንደ ከሰረ ግን እምብዛም አይነገርም። እኛ የምንተርከው 90 ከመቶውን ነው፤ ተቋራጭ የሆነ ምእመን ይበልጥ የሚማርበት ግን ኪሳራው ሊሆን ይችላል።

በእኛ ምድር

ይህ ሒስ ለጎንደር አካባቢ አገልጋይ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውኃ፣ ለደምቢያ ሜዳ መስኖ የታሰበው የመገጭ ግድብ ከተጀመረ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ሕዝቡ ስለ ግድቡ ብዙ የመቶኛ ቁጥር ሰምቷል። መቶኛ አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም ጄሪካን ተሸክማ ወረፋ ለምትጠብቅ እናት መቶኛው አይጠጣም። ዘገባ እውነተኛ የሚሆነው የቀረውንና የቀረበትን ምክንያት፣ መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ካሳ ማግኘት አለማግኘቱን ጨምሮ ሲናገር ነው።

ከጎንደር ወደ ሑመራ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍባትን ሳንጃን እናስብ። በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በዚያ ያልፋሉ። እንዲህ ባለ ስፍራ ወንጌላውያን ጥቂት ናቸው። አንድ ሠራተኛ «ጴንጤ» ስለሚባለው ሰው የሚያውቀው ከስብከቱ በፊት በደመወዝ ቀን ባየው ሊሆን ይችላል። አለቃው ጠዋት በጸሎት ሥራ አስጀምሮ፣ በወሩ መጨረሻ «ክፍያ አልተለቀቀልንም» እያለ ደመወዙን ካዘገየ፣ ሠራተኛው የሰማው ስብከት የትኛው ነው? ያዕቆብ 5፥4 የተከለከለው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ይናገራል። ኤርምያስ 22፥13 ቤቱን በግፍ በሚሠራ ላይ ወዮታ ያሰማል። ሁለቱም ስለ ሥራው ጥራት አልጠየቁም።

«ሪፖርት ለአሠሪው መሥሪያ ቤትና ለባንክ የሚቀርብ ሰነድ እንጂ ኑዛዜ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ልክ ነው፤ እያንዳንዱ ሰነድ የራሱ ወግ አለው። ተቋራጩም ብዙ ጊዜ በእውነት ክፍያ ዘግይቶበት ይቸገራል። ነገር ግን አንድ ድርጅት ዘገባውን «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ከጀመረ፣ የእግዚአብሔርን ስም በቁጥሮቹ ላይ ጠርቷል። ስሙ የተጠራበት ዘገባ ደግሞ በዘጸአት 38ና በነህምያ 5 ሚዛን ይመዘናል።

ለመጋቢዎች

መጋቢ ኦዲተር አይደለም፤ መሐንዲስም አይደለም። ይሁን እንጂ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል እንዲጸልይ፣ ሥራው ሲመረቅ እንዲባርክ ይጠራል። ሲጠራ ሦስት ጥያቄዎችን በፍቅር ማንሣት ይችላል። የሠሩት ሁሉ ተከፍሏቸዋል? በሥራው የተጎዳ ወይም የተፈናቀለ አለ? ያልተሳካው ነገር ለሚመለከተው ተነግሯል? ነህምያን ስንሰብክም ከምዕራፍ 4 ወደ 6 አንዝለል። እነዚህን ጥያቄዎች ለሌሎች ከማቅረባችን በፊት ደግሞ የራሳችንን የጸሎት ቤት ግንባታ ሒሳብ ለምእመናን እናንብብ። በኢዮአስ ዘመን መጀመሪያ የተጠየቁት ካህናቱ ነበሩና።