የገና ዱላና የቦረና ዳገት

የገና ዱላ የሚቆረጠው ገና ሳይደርስ ነው። ኅዳር ሲጋመስ፣ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን፣ በወሎ ቦረና፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ ከብት የሚያግድ ልጅ እጁ ከጅራፉ፣ ዐይኑ ከቁጥቋጦው ነው። ቀጥ ያለ እንጨት አይፈልግም፤ ቀጥ ያለውማ ለአጥሩም ለጣራውም ሞልቷል። የሚፈልገው ከሥሩ አጠገብ ቆልመም ብሎ ያደገውን ነው። ወይራ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ ክትክታም አያሳፍርም። አፈሩን በመጥረቢያው ጫፍ ገለጥ አድርጎ፣ ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚጋጠምበትን ክርን ያያል። ያ ክርን የዱላው ራስ ይሆናል።

ብልሃቱ ያለው እዚያው ክርኑ ላይ ነው። በተፈጥሮው የቆለመመ እንጨት ጅማቱ ከመታጠፊያው ጋር አብሮ ይዞራል። የጨዋታው ኳስ፣ ሩሯ፣ ስትመታ ኃይሉ በጅማቱ ላይ ይፈስሳል እንጂ እንጨቱን አይሰነጥቀውም። በእሳት ተለብልቦ የተቆለመመ ባሕር ዛፍ ግን ዕድሜው አንድ ከሰዓት ነው፤ ወይ ይቃናል፣ ወይ ከመታጠፊያው ይተረተራል። የተቆረጠው ዱላ ልጡ ይላጣል፣ ትኩስ ረመጥ ውስጥ ገባ ወጣ ይላል፣ ከዚያ ከምድጃው በላይ ጢስ እየጠጣ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ የተጣለ ዱላ ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ስለሚቀር ሲመታ ይጮኻል፤ የሚጮኽ ዱላ ደግሞ አይታመንም። በመጨረሻ ቅቤ ወይም ሞራ ይታሻል። ቁመቱ ከባለቤቱ ወገብ፣ ክብደቱ ከባለቤቱ ክንድ ጋር መስማማት አለበት። የወንድም ዱላ ለወንድም አይሆንም።

ይህ ዕውቀት በሌላው ዓለም ዳርም አለ። አየርላንዶች ሀርሊንግ የሚሉትን ጨዋታቸውን የሚጫወቱበት ዱላ ከአሽ ዛፍ ይሠራል። የሚቆረጠውም ከግንዱ መካከል ሳይሆን ግንዱ ወደ ሥር ከሚታጠፍበት ከታችኛው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ያው የጅማቱ ነገር ነው። የቦረና እረኛና የአየርላንድ ገበሬ ሳይተዋወቁ አንድ እንጨት ላይ አንድ ነገር አይተዋል።

ገና የሚለው ቃል ልደት ከሚለው የግሪክ ቃል እንደመጣ ይነገራል። በእኛ ዘንድ በዓሉም፣ ጨዋታውም፣ ዱላውም በዚሁ ስም ይጠራሉ። በዓሉ የሚውለው ታኅሣሥ 29 ሲሆን፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ይከበራል። በትውፊቱ መሠረት እረኞች የክርስቶስን መወለድ ሲሰሙ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር እየመቱ ተጫወቱ። ሌሊቱን በቅዳሴ ያደረ ሰው ጾሙን ፈትቶ፣ ትንሽ አረፍ ብሎ፣ ከሰዓት መስክ ይወጣል። ላይ መንደርና ታች መንደር ይቧደናሉ፤ ሩሯ ወይም ጥንጓ መካከል ላይ ትቀመጣለች፤ እያንዳንዱ ወገን ወደ ሌላው ዳር ሊነዳት ይታገላል። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ነበሩ፤ ባለ ሥልጣን ቅልጥሙን ቢመታም፣ በግጥም ቢሰደብም ቂም አይያዝም።

የዱላው ነገር እዚህ ይብቃ። የጨዋታው ግማሽ መሬቱ ነው፤ ስለ መሬቱ ግን ሰው ብዙም ሲያወራ አይሰማም።

መካነ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። በካርታ ከሄድን ሐሩር ክልል ውስጥ ናት። ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በታኅሣሥ ንጋት ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶት ያድራል። ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚመጣው መንገድ ለጋምቦን አቋርጦ ሲደርስ ሰው ሜዳ የደረሰ ይመስለዋል። ጥቂት ወደ ምዕራብ ሲራመድ ግን መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ይገደላል። በስተሰሜን በሳይንት በኩል ደግሞ የደንቆሮ ጫካ ከአስታና ከጅብራ ጋር ወደ ላይ ይወጣል፤ ጫፉ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። በዚህ አገር ሜዳ የሚባለው ነገር ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። ገና የሚጫወት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሩሯ ወዴት ትንከባለላለች?» ብሎ ነው።

መሬቱ ጨዋታውን የሚመራበት ሌላም ስፖርት አለ፤ ጎልፍ። ወደ ካሪቢያን ባሕር ስንሻገር፣ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ «የውሻ ጥርስ» የሚባል የጎልፍ ሜዳ አለ። አሜሪካዊው ፒት ዳይ ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተ ሲሆን፣ ከ18ቱ ጉድጓዶች ሰባቱ የባሕሩን ጥግ ይዘው ይሄዳሉ። ስሙ የአገሩ ሰዎች ሹሉን የኮራል ዐለት ከሚጠሩበት ቃል የተወሰደ ነው። እዚያ ከነፋሱ ጋር ያልተስማማ ኳስ ባሕር ይገባል። እንዲህ ያለ የመዝናኛ ሜዳ ላይ የሚጫወት ጎልፈኛ እስከ 14 ዱላ ይዞ ይዞራል፤ ኳሷ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ያስባል፣ ሣር በትኖ ነፋሱን ያያል፣ ዱላ ይመርጣል። የቦረናው ተጫዋች ያለው አንድ ዱላ ነው። ሩሯም አትጠብቀውም፤ ሰላሳ ሰው እየተከተላት ነው። ቢሆንም ሁለቱም በአንድ ነገር ይፈተናሉ። ጥሩ ጎልፈኛ ሲመታ የሚያየው ኳሷ የምታርፍበትን ብቻ ሳይሆን ከዚያ ቀጥሎ ከየት እንደሚመታ ነው። ጥሩ የገና ተጫዋችም እንዲሁ። ይህን የማያውቅ ጉልበተኛ በሁለቱም ሜዳ ይሸነፋል።

ልዩነቱ መሰናክሉን ማን ሠራው የሚለው ነው። በጎልፍ ሜዳ አሸዋውም ኩሬውም በንድፍ ይቀመጣል። በቦረና መሰናክሉን ዝናሙ፣ ከብቱና ማረሻው ሠርተውታል። ዋልካው በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ታኅሣሥ ላይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ሩር ይውጣል። ገብሱ የታጨደበት ማሳ ላይ የቀረው አገዳ የምትንከባለለውን ሩር ፍጥነቷን ይበላዋል። ጨፌው ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ያማልላል፣ ከሥሩ ግን ጭቃ ነው። ሌላው እርከኑ ነው። ከ1966ቱ ድርቅ በኋላ በወሎ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠራ፤ የአፈር መሸርሸርን ለመግታት የተሠራው ድንጋይ የገናን ጨዋታም ቀየረው። ቀድሞ እስከ ወንዙ ትወርድ የነበረች ሩር ዛሬ እርከኑ ላይ ትቆማለች። ከላይ ለሚመታው ዕንቅፋት፣ ከታች ለሚከላከለው ግን ግንብ ሆኖለታል።

አንድ ምት በቅርብ እንይ። ሩሯ ከዳገቱ እየተንከባለለች ጨፌው ዳር ቆማለች። ከላይ መንደር የመጣው ጎረምሳ ደርሶባታል፤ ከኋላው የሦስት ሰው ኮቴ ይሰማዋል። ፊት ለፊቱ ጨፌው፣ ከጨፌው ማዶ ክፍት መስክ፣ ከመስኩ ማዶ የታች መንደር ዳር አለ። ጀማሪ ከሆነ ዱላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ፊት ለፊት ይለጋታል። ሩሯ ጨፌው መካከል ትወድቅና ጭቃው ይይዛታል፤ ሁሉም እዚያ ይረባረባል፤ ዱላ ከዱላ ይጋጫል፤ ቅልጥም የሚላጠውም ያኔ ነው። ያወቀ ተጫዋች ግን ከጨፌው በስተቀኝ ያለችውን የከብት መንገድ አይቷል። ከብቶቹ ወደ ውኃ ሲወርዱ ለዓመታት የረገጧት፣ መካከሏ ጎድጎድ ብሎ የጠነከረ ቀጭን መንገድ ናት። ቁልቁል ያለውን እግሩን ተክሎ፣ ዱላውን ከጉልበቱ በላይ ብዙም ሳያነሣ ሩሯን በአግድም ይለጋታል። ሩሯ መንገዷን ካገኘች በኋላ ሌላ ምት አትፈልግም፤ በቦይ እንደሚሄድ ውኃ ጨፌውን ዞራ ትወርዳለች። ጓደኛው ቀድሞ እዚያ ቆሟል፤ እሱም ያቺን መንገድ ያውቃታላ።

ያቺን የከብት መንገድ ማንም አላስተማረውም። ዓመቱን ሙሉ ከብት ሲነዳባት ኖሮ ነው ያወቃት። ለዚህም ነው በወሎ ደጋ የገና ጎበዝ ከእረኞች መካከል የሚወጣው። እረኝነት ደግሞ ሃይማኖት አይለይም። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በዓሉ የአንዱ ቢሆንም መስኩ፣ ከብቱና የከብቱ መንገድ የሁለቱም ነው።

ስለ አየሩም አንድ ነገር ማለት ይገባል። በ2,600 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በቦሊቪያ ላ ፓዝ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው የጎልፍ ሜዳ የሚታወቀው የተመታች ኳስ ከተለመደው ርቃ ስለምትበር ነው፤ የጎልፍ ኳስ ክብደቷ ከ45.93 ግራም አይበልጥም፣ አየሩ ሲሳሳ የሚይዛት ይቀንሳል። ሩር ግን ከጠንካራ እንጨት የተጠረበች ወይም ከጠፍር የተጠቀለለች ስለሆነች ከብዳ፣ መሬት ለመሬት ነው የምትሄደው። የሳሳው አየር ለእሷ የሚጨምርላት ነገር የለም፤ ዕዳው ሳንባ ላይ ነው። ከከተማ ለበዓል የመጣ ዘመድ አሥር ደቂቃ ሮጦ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። የአገሩ ልጅም ቢሆን ዳገቱን ሁሉ አይሮጥም። የት ቆሞ እንደሚጠብቅ ማወቅ እስትንፋስን መቆጠብ ነው፤ ጎበዝ ተጫዋች ከሰዓቱን ሙሉ ሲጫወት የሚውለው በዚህ ብልሃት ነው።

ዛሬ ገና በኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከፈረስ ጉግስና ከቀስት ጋር የውድድር ዓይነት ሆኗል። ሜዳው ተለክቷል፣ የተጫዋቹ ቁጥር ተወስኗል፣ ዳኛ ተመድቧል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ባይደረግ ኖሮ በብዙ ከተማ ያደገ ልጅ ጨዋታውን በስም ብቻ ያውቀው ነበር። አየርላንዶችም ድሮ በመንደርና በመንደር መካከል ሜዳ ለሜዳ ይጫወቱት ለነበረው ሀርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1884 ማኅበር አቋቁመው ሕግ አወጡለት። ዛሬ ዋናው ስታዲየማቸው ከ82,000 በላይ ሰው ይይዛል፤ ጨዋታውም እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የእኛ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. ተመዝግቧል፤ የገና ጨዋታ ግን ወረፋው ገና አልደረሰውም።

ነገር ግን በተለካ ሜዳ ላይ የሚቀር ዕውቀት አለ። ደልዳላ ሣር ላይ የፈጠነ ያሸንፋል። ዋልካውን፣ ጨፌውንና የከብት መንገዱን የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱን የሚያወጣበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ የተለካው ሜዳም ዳገቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ሌላውን ተክቶ ከቀረ ግን ግማሹ ጨዋታ ጠፋ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው የጎልፍ ሜዳ በከተማው መካከል ቦታ ተከብሮለት ኖሯል። የገና መስክ ግን ማንም ካርታ አላወጣለትም። የወል ግጦሹ እየታረሰ፣ ከተማው እየሰፋ፣ ባሕር ዛፉ እየገባበት በየዓመቱ ይጠባል። መስኩ ሲጠብ ተጫዋቹ ወደ መንገድ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ደግሞ መኪና አለ።

የቦረና፣ የሳይንት፣ የወግዲና የከላላ ቀበሌዎች የወል መሬታቸውን ሲያካልሉ ለገና አንድ መስክ ይተዉ፤ ከነዳገቱ፣ ከነጨፌው፣ ከነከብት መንገዱ። ይህ በጀት አይጠይቅም። አባቶችም ኅዳር ላይ ልጆቻቸውን ይዘው ወጥተው ክርኑን ያሳዩዋቸው። ወይራው ከሥሩ አይነቀል፤ ብዙ ካበቀለው ጉቶ ላይ አንዱ ብቻ ይወሰድና የቀረው ለሚቀጥለው ዓመት ልጅ ይቆይ።