ወደ በረሃ የወረደ ሹመት

የኬንያዋ ሞያሌ በማርሳቢት ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ሥር ናት፤ መንበሩ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይርቃል። የዚህን መንበር አባቶች ጉዞ እወደዋለሁ። ጣሊያናዊው የኮንሶላታ ሚሲዮናዊ ካርሎ ካቫሌራ ከቅስና እስከ ጵጵስና ደርሰው የለምለሚቱ ኒዬሪ አባት ሆነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የማርሳቢት ሀገረ ስብከት ሲመሠረት የኒዬሪን መንበር ኬንያዊው ሲዛር ጋቲሙ ተረከቡ፤ ካቫሌራ ግን በአብዛኛው በረሃ ወደሆነው፣ ውሃ ብርቅ ወደሆነበት የግመል አርቢ አገር ወረዱ። ያውም ከተሾሙ በኋላ! እስከ 1981 እዚያው አገለገሉ። በ2006 ደግሞ ኬንያዊው ፒተር ኪሃራ የሙራንጋን ደጋ ትተው ወደዚያው መንበር ተዛወሩ። ለእኔ ከበዓለ ሲመት ድምቀት ይልቅ እንዲህ ያለው ዝውውር ይበልጣል።