ስሙ የተለወጠ ሞት፤ «ሰጪው» ስለ ተባለው መጽሐፍ

ሰው ሞትን በሁለት መንገድ ይሸሻል። አንደኛው ሞት ወዳለበት ስፍራ አለመሄድ ነው፤ ይህ ግን ለጥቂት ጊዜ እንጂ ለዘወትር አይሆንም። ሁለተኛው ሞትን በስሙ አለመጥራት ነው፤ ይህኛው ለብዙ ዘመን የሚሠራና ሕዝብን በሙሉ የሚያታልል መንገድ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው መጽሐፍ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው መንገድ የተጻፈ ነው።

መጽሐፉ አሜሪካዊቱ ደራሲት ወይዘሮ ሎይስ ላውሪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ለወጣቶች ያሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ ሲሆን፥ ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ሰጪው» ይሆናል። በማግሥቱ ዓመት በአገራቸው ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውቤሪ ሜዳልያ አግኝቷል፤ በ2014 ደግሞ በፊልም ተሠርቷል። እንግሊዝኛው ቀላል ስለ ሆነ በነቀምት፥ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚማር ልጅ ሊያነበው ይችላል። ዳሩ ግን ለልጅ የተጻፈ ነው ተብሎ ካህናትና አባቶች ሊንቁት አይገባም፤ በውስጡ ያለው ጥያቄ ከልጆቹ ይልቅ እነርሱን የሚጠይቅ ነውና።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ወደ ፊት በሚመጣ ዘመን አንዲት ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ረኃብ የለም፤ ጦርነት የለም፤ ድኻም የለም። ኮረብታው ተደልድሏል፤ በረዶውም እንዳይወርድ ሆኗል፤ ሰዎቹ ቀዩን ከአረንጓዴው የሚለዩበት ዓይን እንኳ የላቸውም። ባልና ሚስት ከሌላ ሴት የተወለዱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ተመርጠው ይሰጧቸዋል። ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሽማግሌዎች የዕድሜ ልክ ሥራውን ይመድቡለታል። ሕዝቡ እንዳያዝን ሲባል ያለፈው ዘመን ትዝታ ሁሉ፥ ደስታውም ሥቃዩም፥ በአንድ ሽማግሌ ልብ ብቻ ተቀምጧል። ዮናስ የተባለው ልጅ ይህን ትዝታ እንዲቀበል ይመረጣል፤ ሽማግሌውም እጃቸውን በጀርባው ላይ እየጫኑ በረዶንና ፀሐይን፥ ፍቅርንና ጦርነትን አንድ በአንድ ያሳልፉለታል።

በዚያች ከተማ ስለ ሰው «ሞተ» ሲባል አይሰማም። ሽማግሌ ሲያረጅ፥ ሕፃን ሳይጠነክር ሲቀር፥ ሰው ሦስት ጊዜ ሕግ ሲተላለፍ «ተሰናበተ» ይባላል። ለሽማግሌው በዓል ይደረግለታል፤ የሕይወቱ ታሪክ ይነገርለታል፤ እርሱም ደስ ብሎት አንድ በር ከፍቶ ይገባል። ከበሩ በስተኋላ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

የዮናስ አባት ሥራው ሕፃናትን መንከባከብ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ገብርኤል የተባለ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሕፃን እንዳይሰናበትበት ለምኖ ወደ ቤቱ እያመጣ ያሳድረዋል። አንድ ቀን ግን ዮናስ አባቱ በዚያን ዕለት የሠራውን ሥራ በፊልም ተቀርጾ ያያል። መንታ ሕፃናት ይመዘናሉ፤ ከባዱ ይቀራል፤ ቀላሉን አባትየው እያባበለ በግንባሩ ደም ሥር መርፌ ይወጋዋል። ሕፃኑ ጥቂት ተንፈራግጦ ዝም ይላል። አባትየውም ሬሳውን በካርቶን ከትቶ እንደ ጥራጊ በቀዳዳ ይሰደውና፥ ልጅን በሚያጫውቱበት ድምፅ «ደኅና ሁን» ይለዋል።

የመጽሐፉ ኃይል ሁሉ በዚህ ስፍራ ነው። አባትየው ጨካኝ ቢሆን ኖሮ እርሱን ጠልተን በተገላገልን ነበር። ነገር ግን ሰውዬው ቸር ነው፤ ልጆቹን ይንከባከባል፤ ሥራውንም በትጋት ይሠራል። የጐደለው ቃል ብቻ ነው። ለሥራው እውነተኛውን ስም የነገረው ስለሌለ ኃጢአቱን ከቶ አያውቀውም፤ ስላላወቀውም አይጸጸትም፤ ስላልተጸጸተም ነገ ያንኑ ይሠራዋል። ካህን በንስሓ አባትነቱ ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ ሰው በስሙ ያልጠራውን ኃጢአት ሊናዘዘው አይችልምና።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ተረት የሚመስለው ቢኖር የራሳችንን ቋንቋ ይመርምር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በጋዜጣና በራዲዮ ሰው ተገደለ ሳይሆን «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ይባል ነበር። እርምጃ መራመድ ነው፤ መራመድ ደግሞ ወደ ፊት መሄድ ነው፤ እንግዲህ በዚያ ቃል ውስጥ ሬሳ የት አለ? ብዙ እናት ልጅዋ በደጇ ወድቆ ሳለ እንዳታለቅስ ተከልክላ ነበር። ለቅሶው የተከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ለቅሶ ሞትን በስሙ ይጠራልና፥ ቃሉን ያፈርሰው ነበር። ያ መንግሥት ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ቃሉ ግን ከአፋችን አልወጣም። በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ በጊምቢ ወረዳ በቶሌ በመቶ የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ ወዲህም ስለ ግድያ ስንናገር ቍጥርና «እርምጃ» እንጂ ስምና ለቅሶ የምናስቀድም ስንቶቻችን ነን?

በዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊጠይቀን ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያንስ ስለ ሞተ ሰው «ዐረፈ» ትል የለምን? አረጋዊው ስምዖንስ ሕፃኑን በታቀፈ ጊዜ በሰላም እንዲያሰናብተው ጌታውን አልለመነምን? ጥያቄው መልካም ነው። ልዩነቱ ግን ታላቅ ነው። እኛ «ዐረፈ» የምንለው ሬሳውን አጥበን፥ ገንዘን፥ አልቅሰን፥ አፈር ካለበስነው በኋላ ነው፤ ቃሉ ሞትን አይሸሽግም፤ በሞት ላይ ተስፋን ይጨምራል እንጂ። ስምዖንም ስንብቱን የለመነው ነፍስን ከሰጠው ጌታ ነው። በዚያች ከተማ ግን አሰናባቹ ሚዛን የያዘ ሰው ነው። የማጽናኛ ቃልና የመሸሸጊያ ቃል አንድ ልብስ ይለብሳሉ፤ የሚለዩት ከኋላቸው እግዚአብሔር አለ ወይስ እጁን የሚደብቅ ሰው አለ ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ሁለተኛው የመጽሐፉ ቁም ነገር የትዝታው ነገር ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ሲጭኑ ያነበበ ካህን አንብሮተ እድን ማሰቡ አይቀርም። ዳሩ ግን በመጽሐፉ ውስጥ የሰጠ ይጐድልበታል፤ ሽማግሌው አንድን ትዝታ ካሳለፉ በኋላ እርሳቸው አያገኙትም። በቤታቸውም ግድግዳውን የሞሉ መጻሕፍት አሉ፤ ከእርሳቸውና ከተተኪያቸው በቀር የሚያነባቸው ግን አይፈቀድም። በእውነተኛው ዓለም ትዝታ እንደ ጧፍ ነው፤ ሌላውን ቢያበራ የራሱ አይጠፋም። ለዚህ ምስክር ከነቀምት ሳንወጣ እናገኛለን። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው፥ አስቴር ጋኖም በወጣትነቷ፥ በባርነት ከአገራቸው ተወስደው በምጽዋ በኩል ነጻ የወጡ ሰዎች ናቸው። ትዝታቸው ሥቃይ ስለ ነበር መርሳት በተፈቀደላቸው ነበር። እነርሱ ግን አልረሱም፤ አስቴር አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ ዘፈን፥ ምሳሌና ተረት ከልቧ አውጥታ ጻፈች፤ ኦኔሲሞስም በእርሷ ረዳትነት መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ መልሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 በስዊስ አገር አሳተሙ። በ1904 ወደ ወለጋ ገብተው በነቀምት አስተማሩ። ትዝታን አንድ ሰው ብቻ እንዲሸከመው የምትፈርድ ከተማ በዚህ ሥራ ፊት ታፍራለች።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ ፍጻሜ እንምጣ። ገብርኤል ሊሰናበት በተቆረጠበት ሌሊት ዮናስ ሕፃኑን አዝሎ በአባቱ ቢስክሌት ከከተማይቱ ይሸሻል። እርሱ ሲርቅ የተሸከመው ትዝታ ወደ ሕዝቡ ተመልሶ ይወርዳል፤ ሕዝቡም እንደ ገና ማዘንንና መውደድን ይማራል ተብሎ ይታሰባል። የልጁን ስም ስንሰማ ነቢዩን ዮናስን እናስባለን፤ ነገር ግን ነቢዩ የሸሸው መልእክቱን ላለማድረስ ነው፤ ይህ ልጅ ግን ሽሽቱ ራሱ መልእክቱ ነው።

ከሞላበት ስፍራ የሚወጣ ወጣት ታሪክ ለእኛ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 በጻፈው «ራስላስ» የኢትዮጵያ ልዑል ምንም ከማይጐድልበት ሸለቆ ከእኅቱ ጋራ ይወጣል፤ መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ በአማርኛ ተርጕመውታል። ሆኖም ራስላስ የወጣው ለራሱ የሚሻለውን ኑሮ ሊመርጥ ነው፤ ዮናስ የወጣው የሌላውን ሰው ልጅ ከሞት ሊያድን ነው። በግዴታ ረገድ ሁለተኛው ይበልጣል።

ቢሆንም በዚህ ፍጻሜ ላይ አንድ ቅሬታ አለን። አንባቢው ልጅ መጽሐፉን ሲዘጋ በልቡ የሚቀረው የሚሸሸው ዮናስ ነው። ከእርሱ የሚከብደውን ሸክም የያዙት ግን ከኋላ የቀሩት ሽማግሌ ናቸው። እርሳቸው አብረው መሄድ ይቻላቸው ነበር፤ ሕዝቡ ትዝታው በወረደበት ጊዜ እንዳይጠፋ ይረዱት ዘንድ ቀሩ። ደራሲቱ ይህን በጥቂት ቃል ነግረውን ያልፋሉ፤ ያ የሽማግሌው ማግሥት ምን እንደሚመስልም በዚህ መጽሐፍ አያሳዩንም።

ያን ያልተጻፈ ምዕራፍ የወለጋ ሰው በሕይወቱ ጽፎታል። በቦጂ የተወለዱት፥ በነቀምት ተምረው በነቀምት ያገለገሉት ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሳሉ ከአገር እንዲወጡ ተመክረው ነበር፤ መንጋቸውን ትተው መሄድን እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታፍነው ተወሰዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። ቄሱ መገደላቸው ተሸሽጎ ኖረ፤ ዐፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1971 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስም በስውር ተገደሉ፤ የእርሳቸውም ዐፅም ተገኝቶ በክብር የተቀበረው በ1984 ዓ.ም. ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለቱም «የሉም» እንጂ «ሞቱ» አልተባለላቸውም። በተቀበሩ ጊዜ የተለቀሰው ለቅሶ፥ ወደ ሕዝቡ የተመለሰ ትዝታ አልነበረምን?

ይህን ስንል መሸሽ ሁሉ ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም፤ ጌታም በሕፃንነቱ ወደ ግብጽ ተሰዷል፤ ዮናስም ሕፃን አዝሎ ነበር። የምንለው፥ ለወጣቶቻችን መጽሐፉን የሚሰጥ መምህር ከሚሸሸው ልጅ ጋራ የሚቀሩትን ሽማግሌ ደግሞ እንዲያሳያቸው ነው።

ሌላም ጕድለት አለው። በመጽሐፉ ውስጥ ጸሎት የለም፤ ልጁ የልደት በዓልን የሚመስል ትዝታ ይቀበላል፤ የማን ልደት እንደ ሆነ ግን የሚነግረው የለም። ከዚህ የተነሣ ፍቅርን ያገኛል፤ የፍቅሩን ምንጭ አያገኝም። ይህን ደራሲቱ ሊሰብኩ ስላልተነሡ በጥፋት አንቈጥርባቸውም፤ የጐደለውን መሙላት የእኛ የካህናቱና የወላጆቹ ፈንታ ነው። መጨረሻውም በረዶ በበዛበት ኮረብታ ላይ ይደበዝዛል፤ ልጁ ይድን ይሙት አይታወቅም። የልጁን መዳን የሚያስረዱት ደራሲቱ በኋላ የጻፏቸው ተከታይ መጻሕፍት ናቸው። እኛ ግን ያለ ተከታዩ ይበልጥ ይጠቅማል እንላለን፤ ግዴታ ማለት መጨረሻው ሳይታወቅ የሚሠራ ሥራ ነውና።

በከተሞቻችን የእድር ጥሩምባ በማለዳ ሲነፋ እንቅልፋችን መቋረጡን የምናማርር አለን። ይህን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ግን ከእንግዲህ ወዲያ ያን ድምፅ በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። ጥሩምባው የሟቹን ስም ያስጠራል፤ ጎረቤትንም ከቤቱ ያስወጣል። ጥሩምባ በማይነፋባት ከተማ ሰው አይሞትም ማለት አይደለም፤ ሲሞት የሚጠይቅለት የለም ማለት ነው እንጂ።