ምኩራብ ያለ ተተኪ መምህር፦ የዕብራይስጥ ትምህርት በካርቱም አይሁድና በቤተ እስራኤል ዘንድ

በካርቱም የአይሁድ ምኩራብ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አምስት መቶ ያህል ሰው ይይዝ ነበር። ማህበረሰቡ እጅግ በበዛበት ዘመን፣ ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ባለው ጊዜ፣ ቁጥሩ ከስምንት መቶ እስከ አንድ ሺህ ይገመታል። ምኩራቡ ቢያንስ ግማሹን ሕዝብ በአንድ ጊዜ ያስጠልል ነበር ማለት ነው። ይህ ማህበረሰብ የራሱ ትምህርት ቤት ግን አልነበረውም። ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው ይህ ጉድለት በጎልማሶች የሃይማኖትና የዕብራይስጥ ዕውቀት ላይ ያስከተለውን ውጤት ነው። መለኪያው አንድ ነው፤ ትምህርቱ ራሱን የሚተካ መምህር አፍርቷል ወይ? ለማነጻጸሪያ የቀረበው የራሳችን ቤተ እስራኤል ልምድ ነው።

አንድ ረቢ፣ ብዙ ሥራ

በማህዲያ ዘመን፣ ማለትም የማህዲ ተከታዮች ሱዳንን በገዙበት ጊዜ፣ በኦምዱርማን የነበሩት ጥቂት አይሁድ እስልምናን እንዲቀበሉ ተገደው ነበር። የእንግሊዝና የግብጽ ጦር በ1898 ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ከፊሎቹ ወደ ቀድሞ እምነታቸው ተመለሱ። ከእነርሱ አንዱ የነበሩት ነጋዴው ቤን ጽዮን ኮሽቲ የማህበረሰቡ የመጀመሪያ መሪ ሆኑ። የባቡር ሐዲዱ መዘርጋት የንግድ በር ሲከፍት ከግብጽ፣ ከሶርያና ከኢራቅ ሌሎች አይሁድ ተከታትለው ገቡ። በ1906 ረቢ ሰለሞን ማልካ መጡ። ሞሮኮ የተወለዱት እኚህ ረቢ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1949 ድረስ፣ ለአርባ ሦስት ዓመታት አገልግለዋል።

የረቢው ሥራ ስብከትና ጸሎት መምራት ብቻ አልነበረም። እንስሳ በሕጉ መሠረት ያርዳሉ፣ ሕፃናትን ይገርዛሉ፣ ጋብቻ ያስፈጽማሉ፣ ሙት ይቀብራሉ፤ በዚህ ላይ ለልጆች ዕብራይስጥ ያስተምራሉ። የማህበረሰቡ ወንዶች ልጆች ቀለም የሚቆጥሩት ካቶሊክ ሚሲዮናውያን በ1929 በከፈቱት በኮምቦኒ ኮሌጅና በመሰል ትምህርት ቤቶች ነበር። በቤት ዐረብኛ ይነገራል፤ በንግድና በቢሮ እንግሊዝኛ ያገለግላል። ለዕብራይስጥ የተረፈው ቦታ ጸሎት ብቻ ነበር። ይህ የወላጆች ቸልተኝነት አይደለም። በቅኝ አስተዳደር ሥር ላለ የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ፈረንጅኛ ማወቅ እንጀራው ነበር፤ በኋላ አገር ለቆ ሲሰደድም የጠቀመው ይኸው ዕውቀት ነው።

በአብነት ትምህርታችን ቋንቋ ብንገልጸው፣ ምዕመኑ ንባቡን ይዟል፣ ትርጓሜው ግን ከመምህሩ ዘንድ ቀርቷል። ጎልማሳው ሰው የየሳምንቱን የኦሪት ክፍል ይሰማል፣ ጸሎቱን በቃሉ ያደርሳል፣ በበዓል ቀን ስብከት ያዳምጣል። ሆኖም ቁጭ ብሎ ጽሑፉን የሚፈታበትና እርሱም በተራው ሌላውን የሚያስተምርበት ሥርዓት አልተዘረጋም። ማህበረሰቡ ክበብና የበጎ አድራጎት ማህበር አቋቁሟል፤ መዝናኛውንና መረዳጃውን በቦርድ አስተዳድሯል። ትምህርቱን ግን ለአንድ ሰው ትከሻ ትቶታል።

ውጤቱ የታየው ረቢ ማልካ ሲያርፉ ነው። ተተኪያቸው ረቢ ማስዑድ ኤልባዝ ከግብጽ የመጡት በ1956 ነው። በመካከል ያሉትን ሰባት ዓመታት ማህበረሰቡ ያለ ረቢ አሳለፈ። ለአርባ ሦስት ዓመታት የተማረ ሕዝብ ከመካከሉ የረቢውን ወንበር የሚረከብ ሰው አላገኘም ማለት ነው። ለንጽጽር ያህል፣ ማልካ ባረፉበት በዚያው በ1949 በኢየሩሳሌም የመጀመሪያው ኡልፓን ተከፈተ። ኡልፓን ጎልማሳ ስደተኞችን በጥቂት ወራት ዕብራይስጥ የሚያስተምር ተቋም ነው፤ መምህር ቢሄድ ሌላ መምህር ተተክቶ ሥራው ይቀጥላል።

የምንጮቹ ጉዳይ

እዚህ ላይ አንድ መቃወሚያ ሊነሳ ይችላል። ስለ ሱዳን አይሁድ በስፋት የተጻፈው ዋና መጽሐፍ በ1997 የታተመው «የያዕቆብ ልጆች በማህዲ ምድር» ነው። ደራሲው ኤሊ ማልካ የረቢው ልጅ ናቸው። ልጅ ስለ አባቱ ሲጽፍ አባቱን የታሪኩ ምሰሶ ማድረጉ አይደንቅም። ስለዚህ «ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ቆሞ ነበር» የሚለው ሥዕል ከምንጩ የመጣ እንጂ ከእውነታው የመጣ ላይሆን ይችላል። ዴዚ አቡዲ የሱዳን አይሁድ ትዝታዎችን ከባለታሪኮቹ አንደበት መሰብሰቧ ይህን ሚዛን ለማስተካከል ይረዳል። የቃል ታሪክ መጽሐፉ በቅጡ ያላየውን ቤትንና ማዕድን፣ የፋሲካን ዝግጅትና የእናቶችን ልማድ ወደ ፊት ያመጣል። የሃይማኖት ዕውቀት ትልቁ ክፍል የተላለፈው በሴቶች እጅ እንደሆነ መቀበል ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የሰባቱ ዓመታት ክፍተት ከመጽሐፉ ዝንባሌ ነጻ የሆነ ማስረጃ ነው። የቤት ልማድ አንድን ትውልድ ያጸናል፤ የመምህርን ወንበር ግን አይሞላም።

የቤተ እስራኤል መንገድ

ቤተ እስራኤል ለዘመናት ዕብራይስጥ አያውቁም ነበር። ኦሪታቸው በግዕዝ፣ ጸሎታቸውም በአብዛኛው በግዕዝ ነበር። ግን መምህር ያፈሩ ነበር። መነኮሳቱ ደቀ መዛሙርት ይዘው ያስተምሩ፣ ቄሱም ተተኪውን ያሠለጥን ነበር። ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን ሕዝቡን ሲፈጅ ይህ ሥርዓት ክፉኛ ተጎዳ፤ ሆኖም ጨርሶ አልጠፋም።

ዕብራይስጥ የገባው በዚህ በተጎዳ ሥርዓት ላይ ነው። አይሁዳዊው ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በማግስቱ ዓመት የቤተ እስራኤል ልጆች የሆኑትን ታምራት አማኑኤልንና ጌቴ ኤርምያስን ይዘው ወደ አውሮፓ ተመለሱ። ሐሳባቸው ልጆቹን አስተምሮ መምህር አድርጎ መመለስ ነበር። በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት የመሩት ታምራት ራሳቸው ናቸው። የጣሊያን ወረራ ትምህርት ቤቱን ቢያዘጋውም ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። ውጭ ተምረው የተመለሱት ዮና ቦጋለ የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተዋል፤ የበዓላት መቁጠሪያም ለየመንደሩ አድርሰዋል። በ1955 የአይሁድ ኤጀንሲ በአስመራ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚያ ከወጣቶቹ ጎን ቄሶችም ተቀምጠው ተምረዋል። ጥቂት ዓመት ብቻ ቢቆይም ከተማሪዎቹ በርካቶች ወደ ጎንደር ገጠሮች ተመልሰው አስተምረዋል።

በመለኪያችን ይህ መንገድ ከካርቱሙ ይበልጣል፤ ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። በአስመራ የተቀመጠው ቄስ ትናንት በመንደሩ መምህር ነበር፤ ዛሬ ከልጆቹ እኩል ፊደል ቆጣሪ ሆነ። በግዕዝ የያዘው ዕውቀት እንደ ሙሉ ዕውቀት ሳይሆን እንደ ጎደሎ ተቆጠረ። ይህ ውጥረት በእስራኤልም ቀጠለ። በ1985 ቤተ እስራኤል በኢየሩሳሌም በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት የተሰለፉት ከጋብቻ በፊት በውኃ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ስለተጠየቁ ነው። ጉዳዩ ግን ከዚያም ይሰፋል፤ የቄሶቻቸውን ሥልጣን ማን ይወስናል የሚለውን ጥያቄ ይዟል። የዕብራይስጡ ትምህርት አዲስ መምህራን ሲያፈራ ነባሮቹን ከወንበራቸው አውርዷል። የካርቱም ማህበረሰብ ተተኪ አላፈራም፤ የእኛው ደግሞ ተተኪውን በነባሩ ኪሳራ አፈራ።

ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ከተማ

ካርቱም ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ አስተናግዳለች። ከ1956 የስዊዝ ጦርነት፣ ይበልጡንም ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ አይሁዶቿ ለቀው ወጡ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቀረ ሰው ከቁጥር አይገባም ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት ማብቂያ ሌሎች አይሁድ፣ ማንነታቸውን የሰወሩ ኢትዮጵያውያን፣ ወደ ከተማይቱ መግባት ጀመሩ። ከእነዚህ ቀድመው ከገቡት አንዱ ፈረደ አክሉም የተባለ መምህር ነበር። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 መጀመሪያ በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከስድስት ሺህ በላይ ሰዎች ከካርቱም በብራስልስ በኩል ወደ እስራኤል በረሩ፤ በሱዳን መጠለያዎችና በመንገድ ላይ ያለቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። ምኩራቡ በዚያ ወቅት ባለቤት አጥቶ ቆሞ ነበር፤ በ1986 ተሸጦ ፈረሰ፣ በቦታውም ባንክ ተሠራ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ንጽጽር ሁለት ፍርዶች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የጎልማሶች የሃይማኖት ትምህርት በሕንፃም ሆነ በአንድ ትጉህ ሰው አይጸናም፤ የሚጸናው ከተማሪዎቹ መካከል መምህር ሲወጣ ነው። ሁለተኛ፣ አዲስ ትምህርት ሲገባ ነባሩን መምህር ካላከበረ ያተረፈውን ያህል ያከስራል። ዛሬ በጎንደርና በአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ጉዞ እየጠበቁ ዕብራይስጥ የሚማሩ ጎልማሶች አሉ። ከዕብራይስጡ ፊደል ጎን የቄሶች ግዕዝ ቦታ ይሰጠው፤ ቄሶቹም ተማሪ ብቻ ሳይሆኑ አስተማሪ ሆነው ይቀመጡ። የአስመራውን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ትዝታ መመዝገብም የዩኒቨርሲቲዎቻችን የታሪክና የቋንቋ ክፍሎች ፈንታ ነው፤ ያ ትውልድ አርጅቷልና ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም።