ቀለሙን መልሶ ማጠብ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር ሲያመራ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቷል። ከሃያ ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ የኮሶን ዛፍ ሥዕል አስገባ። ኮሶ ወንዴና ሴቴ አለው። ለመድኃኒት የሚደርቀውና የሚወቀጠው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ነው። ኮሶ ከሆድ ያስወጣውን ትል ለማይክሮስኮፕ የሚያበቃው ግን ሌላ ዛፍ ነው፤ አገሩም ሜክሲኮ፣ ካምፔቼ።

የበሰለ የኮሶ ትል ቁራጭ ነጭና ጠፍጣፋ ነው፤ ርዝመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ወደ ብርሃን ቢያነሡት ውስጡ አይለይም። ጥያቄው ደግሞ ያለው ከውስጥ ነው፦ የከብት ትል ነው ወይስ የአሳማ? የማህፀኑ ግንድ በመሐል ያልፋል፤ ቅርንጫፎቹ ወደ ግራና ቀኝ ይወጣሉ። የከብቱ በአንድ ጎን ባብዛኛው ከ15 እስከ 20፣ አንዳንዴም በላይ፤ የአሳማው ከ7 እስከ 13። ቅርንጫፎቹ ወደ ጫፍ ሲሄዱ እንደገና ስለሚከፈሉ የሚቆጠሩት ከግንዱ በሚነሡበት ቦታ ነው። መልሱ እስኪታወቅ ጓንት አይወልቅም፤ የአሳማው ትል እንቁላል ለሰው አደገኛ ነው።

ቁራጩ በሕይወት እያለ ፎርማሊን ከነካው ይኮማተራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይላላል። ከዚያ በሁለት ስላይድ መሐል ተዘርግቶ በክር ይታሰራል። ክሩ ከጠበቀ ማህፀኑ ይፈነዳል፤ ከላላ ቁራጩ ይጎብጣል። እንደታሰረ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ ቅርጹን አይለቅም።

የጸናው ቁራጭ የሚቀባበት ሄማቶክሲሊን የሚገኘው ከካምፔቼው ዛፍ ግንድ እምብርት ነው። እንደወጣ ገና ቀለም አይደለም። አየርና ብርሃን እያገኘ ሳምንታት ሲቆይ ሄማቴይን ይሆናል፤ ቀለሙ እሱ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተበጠበጠበት ቀን የሚጻፈው ለዚህ ነው። የበሰለውም ቢሆን ብቻውን ሥጋ አይዝም፤ አሉም የተባለው የአሉሚኒየም ጨው ነው የሚያያይዛቸው። ሁለቱን በ1865 እ.ኤ.አ. አዋህዶ ለማይክሮስኮፕ ሥራ ያቀረበው ቦመር የተባለ ሰው ነበር።

ቁራጩ በቀጠነ ቀለም ውስጥ ያድራል። እንሶስላ አስራ ያደረች ሴት ጠዋት የምትፈልገው መድመቁን ነው። እዚህ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከደመቀ በኋላ ነው። ቁራጩ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሮ ይወጣል፤ ምንም አይታይበትም። 70 በመቶ አልኮል 100 ሚሊ ሊትር ተለክቶ 1 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ቁራጩ እዚያ ይነከራል። ቀለሙ ወደ ቀይ ዞሮ መልቀቅ ይጀምራል። ቀጭኑ ጠርዝ ቀድሞ ይነጣል፤ ጥቅጥቅ ያለው ክፍል ይዞ ይቆያል። መቼ ይውጣ? ሰዓት አይነግርም። አንሥቶ ማየት፣ መልሶ መንከር፣ ደግሞ ማየት ነው። የባለሙያ እጅ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ መቀባትማ ማንም ይቀባል። ሲበቃው የቧንቧ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ቀዩ ወደ ሰማያዊ ይመለሳል።

ቀጥሎ ውሃውን ማስወጣት ነው፦ አልኮል 70፣ 80፣ 95፣ በመጨረሻ ንጹሕ። ከዚያ የቅርንፉድ ዘይት። ክፍሉ ሻይ ሻይ ይሸታል። ውሃ ቀርቶ ከሆነ ዘይቱ ወዲያው ይደፈርሳል፤ ወደ አልኮሉ መመለስ ግድ ነው። ከጠራ ግን ሥጋው ብርሃን ያሳልፋል። ዘይቱ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.53 ገደማ፣ የመስተዋቱ 1.52 ስለሆነ ዓይን መሐላቸው ድንበር አያገኝም። የካናዳ ባልሳምም፣ የጥድ ዘመድ የሆነ ዛፍ ሙጫ፣ እዚያው ቁጥር ላይ ነው። ጠብታው ይደረግና ስስ መሸፈኛው በአንድ ጎኑ ተደግፎ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ አየሩ በሌላው ጎን ይወጣል። ሙጫው ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል። ፈጥነው የሚደርቁ ሰው ሠራሽ ሙጫዎች አሉ፤ እኔ ባልሳሙን እመርጣለሁ።

ቆጠራው 13 ወይም 14 ላይ ቢያርፍ ስላይዱ ብቻውን አይበቃም። ያኔ የትሉ ራስ መገኘት አለበት፤ የአሳማው መንጠቆ አለው፣ የከብቱ የለውም። ራሱ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ኮሶ የጠጣው ሰው ሆድ ውስጥ ከቀረም ትሉ ከዚያው እንደገና ያድጋል።