መጥረቢያው በማን እጅ?
የደን ጭብጥ በመድረክ ድርሰቶቻችን

ኪነ ጥበብ የኅብረተሰብ ኑሮ ነጸብራቅም መካሪም ናት ስንል ኖረናል። መካሪ ግን በቅድሚያ የሚመክረውን ሰው ማወቅ ይገባዋል። በደን ምንጣሮና በዛፍ ጥበቃ ላይ በሚካሄደው ክርክር የግጥምና የቴአትር ሰዎች የያዝነውን ቦታ ስመረምር፣ ይህን ቀዳሚ ግዴታ ዘንግተነዋል ለማለት እገደዳለሁ።

የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር ስለ ዛፍ ግጥም ይነበባል፣ አጭር ድራማ ይታያል። ዘመቻን በመድረክ የማጀብ ልማድ ደግሞ ከኪነት ቡድኖች ዘመን የወረስነው ነው። የአብዛኛው ድራማ አወቃቀር አንድ ነው። መጋረጃው ሲገለጥ ዛፍ ይታያል፤ መጥረቢያ የያዘ ገበሬ ወይም ከሰል አክሳይ ይገባል፤ ዛፉ በሰው አንደበት ይለምነዋል፤ እርሱ ግን አይሰማም፤ ድርቅ ይመጣል። በመጨረሻም አንድ የተማረ ወጣት ብቅ ብሎ ያስተምረዋል፣ ችግኝም ያስጨብጠዋል። እኔም በተማሪነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ድራማ ጽፌአለሁና ሒሱ ከራሴ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ጉድለት ቅራኔውን ማሳነስ ነው። በድራማዎቻችን ዕውቀት ከድንቁርና ጋር ይጋጫል፤ እውነት ከእውነት ጋር ሲጋጭ ግን አናይም። ቋንቋችንን ብንጠይቅ እንኳ የነገሩን ክብደት ይነግረናል። «አገር አቀና» የምስጋና ቃል ነው። በሰሜኑ የርስት ሥርዐት ባለርስቱ መብቱን የሚቆጥረው ከአቅኚው አባት ነበር፤ አቅኚውም መሬቱን ቀድሞ የያዘ፣ ዱሩን መንጥሮ ያረሰ ሰው ነው። እንግዲህ እኛ በመድረክ የወንጀል መሣሪያ ያደረግነው መጥረቢያ ለገበሬው የአባት ውርስና የልጅ እንጀራ ሆኖ ኖሯል። ለጎጆ ወጪ ልጁ ማሳ የሚፈልግ አባት በአንድ ወገን፣ ምንጩ ሲደርቅ የሚያይ ጎረቤቱ በሌላ ወገን ቢቆሙ ሁለቱም እውነት አላቸው። የድራማ ኃይል የሚወለደውም ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ያልተመረመረ ታሪክ መድገም ነው። «ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው ቃል በስንት መድረክ ተነግሯል! ታሪክ ጸሓፊው ጄምስ ማካን በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ይህ አኃዝ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲተላለፍ የኖረ እንጂ በልኬት የተደገፈ አለመሆኑን አሳይቷል። የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ ሲዘምት በትግራይ የተነሡ ፎቶግራፎችም ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ከዚያው ቦታ ከተነሡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በብዙዎቹ ስፍራዎች የኋለኛው የዕፅዋት ሽፋን ከቀድሞው ተሽሎ ተገኝቷል። ይህ ደን አልጠፋም ማለት አይደለም፤ በደቡብ ምዕራብ ያለው ጥቅጥቅ ደን በዘመናችን ሲመናመን አይተናል። ነገር ግን የኮረብታዎቻችን ሁሉ ታሪክ አንድ አይደለም። ከአያቶቹ ዘመን ጀምሮ ተራቁቶ የኖረውን ተራራ በዛሬው ገበሬ ማላከክ ሐሰት ነው፤ ሐሰት ደግሞ በግጥም ቤት ስለመታ እውነት አይሆንም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጉድለት የባለቤትነትን ጥያቄ መሸሽ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ጭሰኛውን ከባለመሬቱ አላቀቀው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በወሎና ድርቅ በጎዳቸው ሌሎች አካባቢዎች ገበሬው የዕርዳታ እህል እየተከፈለው በየተራራው እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ከእነዚያ ደኖች ብዙዎቹ ተጨፈጨፉ፤ ከቆራጮቹም መካከል ተካዮቹ ነበሩበት። ዛፉን ለመትከል እንጂ የዛፉ ጌታ ለመሆን አልተጠሩምና። በገዛ እጁ ያጸደቀውን ዛፍ በገዛ እጁ የገነደሰ ሰው በዚያች ሰዓት ምን አሰበ? ይህን የጠየቀ የመድረክ ድርሰት እኔ አላየሁም።

ያ የተማሪነት ድራማዬ በአንዲት የገጠር ከተማ ከታየ በኋላ አንድ ሽማግሌ ከተመልካቹ መካከል ተነሡና፣ «ልጄ፣ ከሰሉን የሚገዛው ሰው በድራማህ ውስጥ የት አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። የዚያን ዕለት ምሳችን የበሰለው በከሰል ነበር።

የሽማግሌው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር በማሳቸው ተክለው፣ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ዘርተው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፉን ከሰል አድርገው ሸጠው መሬቱን መልሰው ሲያርሱ፣ የወረዳው የዛፍ ሽፋን ጨመረ። ዛፉ ኋላ በበሽታ መጠቃቱ አዲስ ፈተና ቢያመጣም፣ ከሰል አክሳዩ ራሱ ተካይ ሊሆን መቻሉ ተረጋግጧል። በደቡብ ጎንደር በእርሻ ተከብበው የቀሩትን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ብንመለከትም ዙሪያውን የመነጠረውና መካከሉን የጠበቀው ያው አንድ ሕዝብ ነው። በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ መልክዐ ምድር ደግሞ እንሰትና ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው ይበቅላሉ፤ «እርሻ ወይስ ደን?» የሚለው የመድረካችን ጥያቄ እዚያ ከጥንት ሌላ መልስ አግኝቷል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ደራሲው ወደ መንደር ሲወርድ አስቀድሞ ይጠይቅ። መምህሩም «ክፉው እንጨት ቆራጭ» የሚለውን ድራማ ለልጆች ከማስጠናቱ በፊት፣ ከቤታቸው ጓሮ ያለውን ዛፍ ማን እንደተከለውና ለምን እንደተከለው ወላጆቻቸውን ጠይቀው እንዲመጡ ያድርግ። የዘመቻ አስተባባሪዎችም ከእኛ ከኪነ ጥበብ ሰዎች ጭብጨባን ብቻ አይጠብቁ፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ የማኅበረሰብንና የግል ደንን በሕግ ዐውቋልና፣ ይህ ዕውቅና በየቀበሌው በተግባር መዋል አለመዋሉን መመርመር የመድረክም ሥራ ነው።

መጥረቢያው በማን እጅ እንዳለ አሳይተናል፤ ለማየት የሚከብድም አልነበረም። ችግኙ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ድርሰት ግን ገና ዕዳችን ነው። እኔም የድሮውን ድራማዬን እንደገና ለመጻፍ ተነሥቻለሁ፤ የመጀመሪያው ገቢር የሚከፈተው በከሰል ገዢው ቤት ነው።